ከደጃፉ የማይነሳ አባት

ሎደሯ ፈራች።

አሸዋ ማውጫው ውስጥ ለሚያውቋት ሰዎች ይህን መናገር እሳት በረደው ብሎ እንደማውራት ነው። ከላይ ተንጠልጥሎ ልናድ ልናድ ከሚል ግድግዳ ሥር ማሽኗን አስጠግታ፣ የአሸዋውን አናት በአካፋው ጫፍ ነካ አድርጋ አውርዳ፣ አቧራው ሳይበተን ወደ ኋላ የምትወጣ ሴት ናት። የገልባጭ መኪና ሾፌሮች ስሟን ትተው በምትነዳው የአሸዋ መዛቂያ ማሽን በሎደር የጠሯት ለክፋት አይደለም፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበረታ መለየት ስላቃታቸው ነው።

የፈራችው አሸዋ አይደለም። የፈራችው ሰው ነው። ያውም የሚጮህ፣ የሚሳደብ፣ ከዘራ የሚያነሳ ሰው ቢሆን ደግ ነበር። የፈራቻቸው ቀጭን፣ ፈገግተኛ፣ አንደበታቸው ከማር የሚጣፍጥ፣ ባገኟት ቁጥር «ልጄ» እያሉ የሚጠሯትን የባሏን አባት ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላልሰማችሁ እንዲህ ነው። የአሸዋ ማውጫው ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው፣ ከሟች ሚስታቸው የወለዱት አንድ ጎልማሳ ልጅ አላቸው። ልጁ ትልቁን የአሸዋ ወንፊት ስለሚያንቀሳቅስ ወንፊት ይሉታል፤ ሚስጥር ስለማያድርበትም ይሉታል። ይህ ልጅ የልብስ አጣቢ ልጅ የሆነችውን ሎደሯን ወደደ። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ አይፈቅዱም፣ ምድር ትገለበጣለች» ብሎ ወንበሩን አስተካክሎ ድራማውን ሲጠብቅ፣ ጋሼ «እሰይ!» አሉ። ዝናቡ ሳይገባ ሁለቱ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተፈራረሙ።

ጎጆ መውጣቱ ግን እምቢ አለ። አንድ ቤት ተከራይተው ሊገቡ ሲሉ ጋሼ ወገባቸውን ያዛቸው፤ ወንፊት ሊያስታምም አባቱ ዘንድ አደረ፣ ሰነበተ፣ ቤቱም ለሌላ ሰው ተከራየ። ሌላ ቤት ተገኘ፤ በዋዜማው መንትዮቹን አተኮሳቸው። መንትዮቹ ጋሼ በስተርጅና ከሁለተኛ ሚስታቸው የወለዷቸው፣ ገና የሚድሁ ሕፃናት ናቸው። እናትየዋ ከወለደች ወዲህ ጤና የላትም። ወንፊት አሁንም ቀረ። እንግዲህ ወንፊት በወረቀት ባል ነው፤ በመኝታው ግን ያባቱ ልጅ። ጋሼም «አይሆንም» የሚል ቃል ካፋቸው ወጥቶ አያውቅም። መከራውም ይኸው ነበር፤ እምቢ ያላለን ሰው ማን ይጣላዋል?

አሁን ሦስተኛ ቤት ተገኝቷል። የሚገቡት እሑድ ነው።

ሎደሯ እስከዚያ ሳምንት ድረስ ነገሩን በመጥፎ ዕድል ታመካኝ ነበር። ዓይኗን የገለጡላት ወፎቹ ናቸው።

የአሸዋ ማውጫው አንደኛው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የተበሳሳ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት ፊት ይመስላል። ቀዳዳዎቹ የወፍ ቤቶች ናቸው። ሠራተኛው «ንብ በል» የሚላቸው፣ ጀርባቸው አረንጓዴ፣ ጉሮሯቸው ቀይ የተቀባ የሚመስል ወፎች በየዓመቱ ይመጡና፣ አሸዋውን በምንቃራቸው እየቆረቆሩ፣ የቆረቆሩትን በእግራቸው ወደ ኋላ እየዛቁ፣ የሰው ክንድ ከነትከሻው የሚውጥ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ሰፈር ናቸው እንጂ ወፍ ብቻ አይደሉም። ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ ጎን ለጎን ይነታረካሉ፤ አንዷ ዘወር ስትል ጎረቤቷ ሹልክ ብላ ገብታ የራሷን እንቁላል እዚያ ጥላ የምትወጣበትም ጊዜ አለ። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር የለም እንበልና እንለፈው።

ወንዱ ለሚስቱ ንብ ሲያመጣ እንዲሁ አይሰጣትም። ቅርንጫፍ ላይ እያጋጨ፣ ሆዷን እያሸ፣ መርዙን አስወጥቶ ነው የሚያጎርሳት። ሎደሯ ይህን መጀመሪያ ያየች ቀን ጋቢናዋ ውስጥ ለብቻዋ ሳቀች። ወንፊትም ያኔ ፍቅሩ ገና ሲጀምረው ብርቱካን ይዞላት ሲመጣ ልጣጩን ልጦ፣ ነጩን ክር አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ፍሬውን አውጥቶ ነበር የሚሰጣት። እስኪያቀርብላት ድረስ ብርቱካኑ እጁ ላይ ጭማቂ ይሆናል። «ይቺ ልጅ ጥርስ የላትም እንዴ?» እያሉ ሾፌሮቹ ሲስቁበት፣ እሷ አቧራ የለበሰ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ጉንጯ ሲግል ይሰማት ነበር።

ወፎቹን የሚያጠና አንድ መምህር በየሳምንቱ እየመጣ፣ ሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ግድግዳውን ሲያይ ይውላል። እግራቸው ላይ ባለቀለም ቀለበት አጥልቆባቸዋል፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን የማን ባል እንደሆነ ከእድር ጸሐፊ ይበልጥ ያውቃል። ረቡዕ ዕለት ሎደሯ ሞተሯን አጥፍታ አጠገቡ ቆመች። ከሁሉ ዝቅ ብሎ የተቆፈረው የአዲስ ተጋቢዎች ቀዳዳ ነው። በእሱ አፍ ላይ ጭራው የተሸራረፈ አንድ ሽማግሌ ወፍ ተቀምጧል።

«ያ ሌባ ነው?» አለችው።

«የቱ? እ... አይደለም።»

ወጣቱ ወንድ ንብ ይዞ መጣ። መግቢያ የለም። ሽማግሌው አልነከሰውም፣ አላባረረውም። ክንፉን አርገፈገፈ፣ አፉን ከፈተ፣ እንደ ጫጩት ለመነ። ወጣቱ ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ፣ ቢቸግረው ለሚስቱ ያመጣውን ንብ ለሽማግሌው አጎረሰው። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ላይ ሲበር ተከትሎት ሄደ።

«አባቱ ነው» አለ መምህሩ። «ልጁ ጎጆ ሲወጣ እንዲህ ይመጣበታል። እላይ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ጫጩቶች አሉታ። የሚረዳው ይፈልጋል። አይጣላውም፤ ሰላም ይለዋል፣ ይለምነዋል፣ በሩ ላይ ይቀመጥበታል። ልጁ ሲታክተው የራሱን ቤት ትቶ ታናናሾቹን ሊያሳድግ ይመለሳል።»

«ሚስቱስ?»

«እ?»

«ሚስትየዋስ ምን ትሆናለች?»

መምህሩ መነጽሩን ካይኑ አላነሳም። «እሷማ... ትጠብቃለች። ጠብቃ ጠብቃ ትሄዳለች።»

«ሁልጊዜ ይሳካለታል?»

«ሁልጊዜማ አይደለም። ግማሹ ልጅ እሺ ይላል፣ ግማሹ እምቢ ይላል።»

ሎደሯ ወደ ጋቢናዋ ወጣች። ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩ ተነሳ፤ ማርሹን ግን ማስገባት አቃታት። ፀሐይ አናት እየበሳች እሷን በረዳት። ግማሹ እሺ ይላል። ቀዳዳው አፍ ላይ ሴቷ ወፍ ብቅ ብላ፣ ባሏ ወደ ሄደበት አቅጣጫ አንገቷን ሰግጋ ትመለከት ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጋሼ መጡ። እንደ ሁልጊዜው ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከሩቅ እጃቸውን እያውለበለቡ።

«ልጄ! ውረጂ እንጂ! ወይስ ይሄን ሽማግሌ ከአሸዋው ጋር አፍሼ ልጫነው እያልሽ ነው?»

ወረደች። «እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«ተመስገን። ነገ ነው አይደል?»

«ነገ ነው።»

«እሰይ የኔ ልጅ! ዕቃውን ማን ይሸከማል? ያ ልጄ እንደሆነ ከሸክሙ ጋር ወሬ ይጀምርና መንገድ ይስታል።»

ሳቀች፤ አለመሳቅ አይቻልም። እሳቸውም ሳቁ። ጥርሳቸው ሲታይ ደግ አባት ናቸው፤ ደግ አባትም ነበሩ። «እርስዎ አይድከሙ ጋሼ፣ ሰው አለ» አለች።

«ምን ድካም አለው? ጠዋት እመጣለሁ። በራችሁ ላይ ቁጭ ብዬ አያችኋለሁ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

በራችሁ ላይ ቁጭ ብዬ። ሎደሯ ከማሽኑ ጎማ ላይ እጇን አሳረፈች።

«መንትዮቹ ትናንት አፋቸውን ፈቱ፣ ነገረሽ?» አሉ ጋሼ። «ማንን ጠሩ መሰለሽ? እኔን አይደለም፣ እናታቸውንም አይደለም። እሱን! ወንድማቸውን! ሳቄ ነው የመጣው።»

ሳቄ ነው የመጣው ሲሉ ግን አልሳቁም። ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርገዋት ሄዱ። የመቷት ቦታ ለረጅም ጊዜ ቀዘቀዛት።

ለምሳ ወንፊቱ ሲቆም ወደ ባሏ ሄደች። ከራስ ጸጉሩ እስከ ቅንድቡ አቧራ ለብሶ ሽማግሌ መስሏል። ሲያያት ፊቱ በራ፤ አቧራው ውስጥ ሁለት ዓይኖቹ ብቻ ነው የታዩት፤ ለእሷ ግን እነሱም ይበቋት ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርህ?»

«ንገሪኝ። ለማንም አልናገርም።»

አጠገቡ የነበረው አሸዋ ጫኝ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። «ለኛም ቢሆን እስከ ማታ ይደርሰናል፣ ንገሪው!» አሉ።

ይዛው ወደ ጥላው ፈቀቅ አለች። ልትነግረው አፏን ከፈተች። ግን እንዴት ይባላል? አንድን ሰው አባትህ ወፍ ነው ይሉታል? የወለደውን፣ እናቱ ስትሞት ጀርባው ላይ አዝሎ ሥራ የዋለውን ሰው፣ ክንፉን እያርገፈገፈ የሚለምን ወፍ ነው ይሉታል?

«አባትህ ነገ ይመጣሉ» አለች።

«ነግሮኛል። ደስታው እኮ ነው! ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም።»

አባትየውን እንቅልፍ የነሳቸው ደስታ እንዳልሆነ እሷ ታውቃለች። ፊቱን አየችው፤ አምኖ ነው የሚናገረው። ያኔ ፍርሃቱ አፏን ጠመዘዘው፤ ልትል ያላሰበችው ነገር ወጣ።

«ነገ ባትመጣም አልጣላህም።»

«ምን?»

«ካልቻልክ ማለቴ ነው። አልቀየምህም።»

አላስርህም፣ በግድ አልይዝህም ማለቷ ነበር። እሱ የሰማው ግን ብትመጣ ባትመጣ ግድ የለኝም የሚል ነው። በዓይኖቹ ውስጥ የነበረው ብርሃን ሲወርድ አየችው፤ ፀሐይ ደመና ሲያገኛት እንደሚሆነው ቀስ ብሎ።

«አልጣላህም?» አለ። «እንዲያ ነው?»

«እኔ ማለቴ...»

«ይሁን። ገባኝ።»

አፉ ላይ የሚያስረውን ጨርቅ ስቦ ወደ ማሽኑ ሄደ። ምሳውንም አልበላ። ወንፊቱ ሲንቀጠቀጥ፣ አሸዋው ሲንሿሿ፣ የማንም ድምፅ አይሰማም። ሎደሯ እዚያው ቆማ «አትቅርብኝ፣ ና!» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው። ጩኸቷን ማሽኑ ዋጠው።

እሑድ ጠዋት አዲሱ ቤት ውስጥ አክስቷ ወለሉን ለሁለተኛ ጊዜ ትወለውላለች። ቤቱ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። ሲሚንቶ ወለል፣ አንድ መስኮት፣ ቀለሙ አልበቃ ብሎ ከወገቡ በላይ ብቻ የተቀባ ግድግዳ። በሩ ጠባብ ነው፤ ወፍራም ሰው ወደ ጎን ዞሮ ይገባል። አልጋው ገብቷል፤ ባዶ ጣውላው ይታያል። ፍራሹን የሚያመጣው ወንፊት ነው።

«ሙሽራ ነሽ ወይስ ለቀብር የተጠራሽ?» አለች አክስቷ፣ ጨርቁን እየጨመቀች። «ቢያንስ ጸጉርሽን አበጥሪ። እኔ ባንቺ ዕድሜ እንኳን ባል ሊመጣ፣ ፖስተኛ ሲመጣም እኳል ነበር።»

«ቢቀርስ እትዬ?»

«ማን? ፖስተኛው?»

ሎደሯ አልሳቀችም። አክስቷ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየቻት፤ አይታም ቀልዷን ትታ ወደ ወለሉ ተመለሰች። ቀልዱን መተዋ ከነገሩ ሁሉ አስፈራት።

ከዚያ በመንገዱ ጫፍ አንድ የተጠቀለለ ፍራሽ ሁለት እግር አውጥቶ ሲመጣ ታየ። ወንፊት በሩ ጋ ሲደርስ ፍራሹን ደፉ ላይ አወረደና ላቡን ጠረገ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። የትናንቱ ቃል እንደ ሦስተኛ ሰው መሀላቸው ቆሟል።

«መጣሁ» አለ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

«አየሁህ» አለች። ይቅር በለኝ ማለት ፈልጋ ነው እንዲህ ያለችው። የገባው መሰላት፤ የከንፈሩ ጠርዝ ትንሽ ተነሳ። «እንግዲህ ያዢልኝ፣ እናስገባው» ብሎ ጎንበስ ሲል ከኋላው አንድ ድምፅ መጣ።

«ቆይ ቆይ! እስኪ ትንፋሼ ይመለስ!»

ጋሼ ናቸው። ደረሱና፣ ልጃቸውን ጉንጩን ሳሙት፣ በበሩ አሻግረው ለሎደሯ እጃቸውን አውለበለቡላት፣ ከዚያም ደፉ ላይ በተጋደመው ፍራሽ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። በሩ ሞላ። ሎደሯና አክስቷ ውስጥ ቀሩ፣ ወንፊት ውጭ ቀረ።

«ምን ያለ ቤት ነው! ንጹሕ፣ ነፋሻ!» አሉ ጋሼ። «እስኪ ውሃ ስጪኝ ልጄ።»

ሰጠቻቸው። አዲሱን ኩባያ ማንም ሳይጠጣበት እሳቸው ጠጡበት።

«ውሃችሁ እንዴት ይጣፍጣል! ከኛ ቤት ውሃ ይበልጣል።»

«ቧንቧው እኮ አንድ ነው ጋሼ» አለች አክስትየዋ። «ጣፋጩ ኩባያው ይሆናላ።»

ጋሼ ከልባቸው ሳቁ። ኩባያውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆዩ፤ አይጠጡትም፣ አያስቀምጡትም። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ልጃቸው አነሱ።

«መንትዮቹ ዛሬ አልተኙም። እናታቸውም እንደምታውቃት ነች። ይሄን ሳምንት ብቻ ብትሆንልኝ... ፍራሹ እዚሁ ይቆያል፣ አይሻግት። ሚስትህም የትም አትሄድ። አንድ ሳምንት ምን አላት?»

«አባዬ...»

«እኔ አላስገድድህም! ማን አስገደደህ? አንተ ደስ እንዳለህ።»

ሎደሯ ባሏን አየችው። ወንፊት የሸሚዙን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክር ጀመር። ያን ፊት ታውቀዋለች። እሺ ከማለቱ በፊት የሚያሳየው ፊት ነው፤ ለወገብ ሕመሙም፣ ለትኩሳቱም ጊዜ አይታዋለች። የተናደ አሸዋ ማሽኗን እስከ መስኮቱ የቀበረ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልፈራችም፤ ያኔ ቢያንስ የምትጨብጠው መሪ ነበራት። አሁን ዝም ካለች መጨረሻው ይታያታል፤ ይህ በር፣ ይህ ፍራሽ፣ ይህ ሳምንት፣ ሌላም ሳምንት፣ እሷም አንገቷን ሰግጋ።

«ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት፤ «አንድ ነገር ልንገርዎ። ቢቆጡኝም ይቆጡኝ።»

ነገረቻቸው። ዝቅ ያለውን ቀዳዳ፣ ጭራው የተሸራረፈውን ወፍ፣ በበሩ ላይ መቀመጡን፣ ልመናውን፣ ለሚስቱ የመጣውን ንብ መጉረሱን፣ ልጁ ቤቱን ትቶ መሄዱን። አንዱን ሳታስቀር፣ እየተርበተበተች። «አይጣላውም ጋሼ» አለች በመጨረሻ፤ «ይለምነዋል። ልጁም ልመና አይችልም።»

«አንቺ ልጅ!» አለች አክስቷ ደረቷን ይዛ። «አማትሽን ወፍ አልሻቸው?»

ከልብስ ሰፊው ሱቅ የስፌት መኪናው ድምፅ ተሰማና ቆመ። ወንፊት ቀልቷል፤ በማን እንደተቆጣ ግን እሱም አላወቀው። ሎደሯ ቁጣ ጠበቀች። ስድብ ቢመጣ በደስታ ትቀበለው ነበር።

ጋሼ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ሽማግሌው ወፍ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ጫጩቶቹ ብዙ ናቸው?»

«ብዙ ናቸው።»

«አርጅቷል እንግዲህ። ብቻውን አይችላቸውም።» ፈገግታቸው ከፊታቸው ሲወርድ ሎደሯ ለመጀመሪያ ጊዜ አየች፤ ከሥሩ ሌላ ሰው ነበር፣ ትንሽ፣ የከሳ፣ ዓይኑ የሚንከራተት። «እኔም አልችላቸውም ልጄ። ሲተኙ አያቸዋለሁ። እነዚህ ልጆች ሮጠው ሳይጫወቱ ብሞትስ እላለሁ። ማን እጅ ላይ ይወድቃሉ? እናታቸው ለራሷም አልሆነችም። ማንን እንደምጠራ ሳስብ የሱ ስም ብቻ ነው አፌ ላይ የሚመጣው። ተንኮል አይደለም። ፈርቼ ነው።»

«አባዬ» አለ ወንፊት። አባቱ እግር ሥር በርከክ አለ፤ ጉልበታቸውን አቅፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። አባቱ ፈራሁ ሲሉ በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም፤ እናቱን ሲቀብሩ እንኳ ቀልደው ነበር ይባላል።

ሎደሯ ያኔ ነው የሠራችው ስህተት የገባት። የሚጎተትበትን ገመድ እቆርጣለሁ ብላ፣ ሳታውቀው አጠበቀችው። ቀልድንና የወገብ ሕመምን እምቢ ማለት ይቻል ይሆናል፤ ይህን ግን እንዴት ያለ ልጅ ነው እምቢ የሚለው? እምቢ ቢልስ እሷ ትወደዋለች?

ወንፊት አባቱን ደግፎ አነሳቸው። ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከለላቸው።

«ልሸኘው» አለ። ወደ እሷ አላየም።

ሽኝት መቼም ታውቁታላችሁ። እስከ በሩ የተባለው እስከ ጥጉ፣ እስከ ጥጉ የተባለው እስከ ዋናው መንገድ፣ ከዋናው መንገድ ወዲያማ ራት ሳይበሉ አይመለሱም። አባትና ልጅ ተቃቅፈው ሲሄዱ ሎደሯ በበሩ አየቻቸው፤ ከኋላ ሲታዩ ማን ማንን እንደደገፈ አይለይም።

«ፍራሹን እናስገባው» አለች አክስቷ።

«ተዪው እትዬ።»

«ሰው ይረግጠዋል።»

«ተዪው አልኩሽ!»

ባዶው ጣውላ ላይ ተቀመጠች። የበሩ ብርሃን ወለሉ ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለ፣ ደግሞ ፈቀቅ አለ። አክስቷ መጀመሪያ «ይመጣል» አለች፤ ቀጥላ «ቢመጣ ጥሩ ነው» አለች፤ ቀጥላ ኩባያውን አንስታ ማጠብ ጀመረች፤ ብዙ አጠበችው። ሎደሯ በውጭ የሚያልፈውን ኮቴ ሁሉ ትሰማለች። የሴት ነው። የከዘራ ነው። የሚሮጥ ነው። የሱ አይደለም። ሆዷ ውስጥ ያለው ፍርሃት እንደ ደረቅ አሸዋ ነበር፤ በዛቀችው ቁጥር ከላይ ሌላ ይወርዳል።

በመጨረሻ ተነሳች፣ ፍራሹን ተሻግራ ወጣች።

ጥጉ ላይ ካለው ዝግ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። አልሄዱም። አልተመለሱምም። ጋሼ አናታቸውን የልጃቸው ትከሻ ላይ ጥለዋል፤ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ወንፊት ቀና ሲል አያት። በመሀላቸው ያለው ጥቂት እርምጃ ነው። እንዲህ ያለ ዓይን አይታ አታውቅም። ጥሪኝ ይላል። ነይ ያዢኝ፣ አንቺ ጎትተሽኝ እንድሄድ፣ አባቴን እኔ አልጣልኩትም እንድል ይላል።

ስሙ አፏ ላይ መጣ። ወንፊት አይደለም፤ ትክክለኛ ስሙ፣ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ የምትጠራው። ትንፋሿን ስባ ልትለቀው ስትል የጋሼን እጅ አየች፤ የልጃቸውን እጅ እንዴት አጥብቀው እንደያዙት። እኔም በሌላው እጁ ልይዘው ነው እንዴ? አለች በልቧ።

አፏን ዘጋች። ጀርባዋን ሰጠችና ወደ ቤት መራመድ ጀመረች።

ከዚያ የበለጠ ፍርሃት ፈርታ አታውቅም። እያንዳንዱ እርምጃ እግሯን ከጭቃ እንደመንቀል ነበር። ዙሪ የሚላት ነገር አንገቷን ይጎትታታል። አትዞርም። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ!» አላት፤ ምን እንደመለሰችለት አላወቀችም። ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ያንድ ሰው ነው ወይስ የሁለት? ለመለየት ጆሮዋ እምቢ አላት፤ የልቧ ምት ከኮቴው ጋር ተደባለቀባት። ሲቀርባት ዓይኗን ጨፈነች፤ ጨፍናም መራመዷን አላቆመችም።

«ግድግዳ ልትመቺ ነው» አለ ድምፁ።

ቆመች። ዓይኗን ስትገልጥ እሱ ነው። ብቻውን። ፊቱ በእንባ ዝንጉርጉር ብሎ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ጋሼስ?» አለች።

«እዚያው ነው። እያለቀሰ ነው።» አነጋገሩ ዕቃ ሰብሮ እንደመጣ ልጅ ነበር። «ጠዋት ጠዋት እመጣለሁ፣ መንትዮቹን አያቸዋለሁ፣ ማታ ግን ቤቴ ነው የምገባው አልኩት። እሺ አላለኝም። እምቢም አላለኝም። እጁን አላቀቅሁት። በገዛ እጄ ጣቱን አንድ በአንድ...» አልጨረሰውም። «ትቼው መጣሁ።»

ልትነካው እጇን ዘረጋች፤ መሀል ላይ ቀረ።

«ለምን አልጠራሽኝም?» አለ። ቁጣም ነበረበት፣ ልመናም ነበረበት። «አይተሽኝ ዞርሽ። ትናንትም አልጣላህም አልሽኝ፣ ዛሬም ትተሽኝ ሄድሽ። አንዴ ብትጠሪኝ ምን ነበር?»

«ፈራሁ።»

«ምን ፈራሽ?»

«ብጠራህ፣ ስለጠራሁህ ብቻ ትመጣለህ ብዬ።»

ወንፊት አያት። ነገር ቶሎ የሚገባው ልጅ አይደለም፤ እሷም አላስቸኮለችውም። ቀስ እያለ፣ ከዓይኑ ጀምሮ እስከ ከንፈሩ ሲገባው አየችው። ከዚያ ምንም ሳይል ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ክብደቱን በሙሉ ለቀቀባት፤ እሷም ወደ ኋላ አላለችም። ልቡ በሸሚዙ ውስጥ ሲመታ ተሰማት፤ እንደሷው ነው የሚመታው፣ እየዘለለ፣ እየሳተ። ሲፈራ የዋለው እሱም ነበር ለካ።